«የመኮንን ድምፅ የለህም» አለኝ አባቴ

ይድረስ ለተከበሩ የዚህ ዓምድ አማካሪ፣

ዕድሜዬ 24 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አራት ኪሎ ሲሆን አሁንም ከወላጆቼና ከታናሽ እኅቴ ጋር እዚያው እኖራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ፒያሳ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ በኮንትራት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ኮንትራቱ ከሁለት ወር በኋላ ሲያልቅ ቋሚ እንደሚያደርጉኝ አለቃዬ ነግረውኛል።

አባቴ በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በጥበቃ ሥራ አሳደገን። ስለ ውትድርና ዘመኑ ብዙ አያወራም፤ አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ለመኮንንነት ኮርስ ታጭቶ ሁለቱንም ጊዜ ሳይመረጥ ቀርቷል፤ ለምን እንደቀረም የነገረው ሰው የለም።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መኮንን መሆን እመኛለሁ። በሚቀጥለው የዕጩ መኮንንነት ማስታወቂያ ለመመዝገብ ማሰቤን ለቤተሰቤ ስናገር እናቴ አለቀሰች፤ «አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ የዚህ አገር ጦርነት እስካሁን ያሳየኝ አልበቃም ወይ?» አለች። አባቴ ብዙ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «አንተ የመኮንን ድምፅ የለህም» አለኝ። ከእናቴ እንባ ይልቅ ይህ ጎዳኝ። እውነት ነው፣ ዝምተኛ ነኝ፤ በሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል። የሰፈራችን ልጆች ሲጣሉ የሚያስታርቀው ግን እኔ ነኝ፤ ዕቁባችንንም የምሰበስበው እኔ ነኝ።

ሠራዊት መኮንን የሚሆነውን ሰው በምን ይመዝናል? እንደ እኔ ያለ ሰው ቢሞክር ራሱን ማስናቅ ነው ወይ? የእናቴን እንባስ እንዴት ልለፈው?

ዝምተኛው፣ ከአራት ኪሎ

ውድ ልጄ፣

ዕድሜዬ ከእናትህ ዕድሜ የሚርቅ አይመስለኝምና «አንተ» እያልሁ ብጽፍልህ እንደማይከፋህ አምናለሁ።

የአባትህ ንግግር ለምን ይበልጥ እንደ ጎዳህ ለመረዳት አልተቸገርሁም። እናትህ የፈሩት ልጃቸውን እንዳያጡ ነው፤ በዚህ ውስጥ ፍቅር እንዳለ ታውቃለህ። አባትህ የነኩት ግን አንተ ራስህ በድብቅ ስትጠራጠረው የኖርኸውን ነገር ነው፤ ያውም ጉዳዩን ከውስጥ ያውቁታል ብለህ የምታምናቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ ወደ ሌላው ከመሄዴ በፊት የጠየቅኸኝን በቀጥታ ልመልስልህ። ሠራዊቶች መኮንን የሚሆነውን ሰው የሚመርጡት በድምፁ ጉልበት አይደለም። ድምፅ በልምምድ ይመጣል፤ ዕጩዎች በሰልፍ ሜዳ ላይ ከሆዳቸው አውጥተው ማዘዝን ለሳምንታት ይለማመዳሉ፤ ሲገቡ አጠገባቸው ለቆመ ሰው እንኳ በቅጡ የማይሰሙ የነበሩ፣ ሲመረቁ ሜዳ የሚያሻግር ድምፅ ይዘው ይወጣሉ። በሥልጠና ለማምጣት የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ መራጮቹም የሚደክሙት እርሱን ለማየት ነው።

ይህን ለመረዳት ሠራዊቶች ራሳቸው ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1871 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር፤ ገንዘብ ያለው አባት ለልጁ ማዕረግ ይገዛለታል፤ ልጁም ዕድሜውን በውጊያ ባሳለፈ ወታደር ላይ አዛዥ ሆኖ ይሄዳል። ግዢው ከቀረ በኋላም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ዕጩው የሚመዘነው በአጭር ቃለ መጠይቅ ነበር፤ ጠያቂዎቹ የሚያዩት ከማን ቤት እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረና እንዴት እንደሚናገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ መኮንኖች ሲያስፈልጉት ይህ መንገድ እንደማያዛልቅ ታወቀ፤ በቃለ መጠይቅ ያለፉት ብዙዎቹ በሥልጠናው ላይ እየወደቁ ይመለሱ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1942 አዲስ የመምረጫ ቦርድ ተቋቋመ። ዕጩዎቹ ለጥቂት ቀናት በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው እንዲበሉና እንዲያድሩ ተደረገ፤ በስማቸው ፈንታ በቁጥር ተጠሩ፤ መኮንኖችና የአእምሮ ሐኪሞች ጎን ለጎን ሆነው ተመለከቷቸው።

ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ ዊልፍሬድ ባዮን የተባለ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የታንክ መኮንን ሆኖ የተዋጋ ሰው ነበር። እርሱ ያመጣው ፈተና ሲያዩት ቀላል ነው። ጥቂት ሰዎች አንድ ሥራ ይሰጣቸዋል፤ አለቃ ግን አይሾምላቸውም። እያንዳንዱ ዕጩ መመረጥ ስለሚፈልግ ራሱን ማሳየት ይሻል፤ ሥራው ግን በኅብረት እንጂ አይሳካም። ተመልካቹ የሚከታተለው እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች በአንድ ሰው ውስጥ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ ነው፤ ሥራው ተጠናቀቀ አልተጠናቀቀ ያን ያህል አያስጨንቀውም።

ይህ ዓይነቱ ፈተና ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተሻግሯል። የእስራኤል ጦር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይጠቀምበት የነበረውን ልንገርህ። ስምንት የማይተዋወቁ ሰዎች ማዕረጋቸውን ፈትተው፣ አንድ ረጅም ግንድ ተሸክመው፣ ከሰው ቁመት የማያንስ ግድግዳ ወዳለበት ይመጣሉ። ሁሉም ግድግዳውን መሻገር አለባቸው፤ ነገር ግን ግንዱ መሬትም ግድግዳም እንዳይነካ፣ ሰውም ግድግዳውን እንዳይነካ ታዟል፤ ከነካ ራሳቸው ተናግረው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ደብዳቤህን ሳነብ አንተን እዚያ መካከል አቁሜ አሰብሁህ። መጀመሪያ ላይ የሚጮኸው አንተ እንዳልሆንህ እርግጠኛ ነኝ፤ ምናልባት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ከመካከላቸው አጭሩ ሰው ግንዱ ከትከሻው በላይ መሆኑን የሚያየው ማን ነው? ከኋላ የቀረው ልጅ ሐሳብ እንዳለውና ዕድል እንዳጣ የሚገባው ማን ነው? ግንዱ ግድግዳውን ላመል ያህል ነካ፣ ሌላው ሁሉ ሲያልፈው «ነክቷል፤ እንደገና እንጀምር» የሚለውስ? በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድህን የጠቀስኸው ዕቁብ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። የሰፈር ልጅ ገንዘቡን ድምፁ ጎርናና ለሆነ ሰው አይሰጥም፤ ለሚታመን ሰው ነው የሚሰጠው። ተጣልተው የነበሩ ሰዎች ወደ አንተ የሚመጡትም ስለምታዳምጣቸው እንደሆነ እገምታለሁ።

ይሁን እንጂ ላስደስትህ ብዬ ግማሹን ብቻ አልነግርህም። በሕንድ ሠራዊት ዕጩ መኮንን ለመሆን የሚቀርብ ሰው ለአምስት ቀናት ያህል በሦስት ዓይነት መዛኞች ፊት ያልፋል፤ አንዱ የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ ሁለተኛው የቡድን ሥራዎችን የሚፈትን መኮንን፣ ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ መኮንን ነው። የሚፈልጉት 15 ባሕርያትን ሲሆን፣ ከእነርሱ ውስጥ ኃላፊነት መቀበል፣ ከሰው ጋር መተባበር፣ ቶሎ መወሰን፣ ድፍረትና ጽናት ይገኙበታል። ሐሳብን በግልጽ መናገርም ከ15ቱ አንዱ ነው። ስለዚህ የድምፅህን ጉዳይ ቸል በለው አልልህም፤ ይህ የምትሠራበት ነገር ነው። አባትህ ግን አንዱን አይተው 14ቱን ሳይቆጥሩልህ እንዳይቀሩ እሰጋለሁ።

አሁን ስለ አባትህ ልናገር፤ ደብዳቤህን ካነበብሁ ጀምሮ ከልቤ ያልወጡት እርሳቸው ናቸውና። «ለምን እንደቀረ የነገረው ሰው የለም» ብለህ ጽፈሃል። ሰው ሲወድቅ ምክንያቱን ካወቀ ይቆጫል፣ ይረሳል፣ ወይም ያስተካክላል። ምክንያቱን ካላወቀ ግን ራሱ ምክንያት ይፈጥራል፤ ይህንንም ይዞት ይኖራል። «ድምፅ የለህም» የሚለው ቃል መጀመሪያ የተነገረው ለማን ይመስልሃል? አባትህ ለራሳቸው ለ40 ዓመት ያህል ሲነግሩት የኖሩት ምክንያት ሊሆን አይችልም? ይህ ግምቴ ነው፤ ልሳሳት እችላለሁ።

ዕጩዎቹ ያን ግንድ ይዘው ግድግዳውን ሲሻገሩ ቆመው ከሚመለከቱት መዛኞች አንዱ ዳንኤል ካህነማን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት የተሸለመው የሥነ ልቡና ሊቅ። በወጣትነቱ በእስራኤል ጦር ውስጥ ሥራው ዕጩዎቹን አይቶ ማን ጥሩ መኮንን እንደሚወጣው መናገር ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ የሰውየውን ማንነት በዓይናችን አይተናል ብለው ያምኑ ነበር። ከማሠልጠኛው የሚመጣው ውጤት ግን ትንበያቸው በዕድል ከመገመት ብዙም እንደማይሻል አሳያቸው። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው ደግሞ ይህን እያወቁ ቀጣዮቹን ዕጩዎች በዚያው እርግጠኝነት መመዘን መቀጠላቸው ነው። ልጄ፣ እነዚህ በሙያው የሠለጠኑ፣ ግድግዳና ግንድ አቁመው ቀኑን ሙሉ የሚመለከቱ ሰዎች ናቸው። አባትህ በቀረቡበት ዘመን በጥቂት ሰዎች ፊት፣ ምናልባትም በጦርነት ጥድፊያ መካከል የተሰጠ ውሳኔ የአንድን ሰው ሙሉ ዋጋ ለክቶታል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ይህ ለአንተም ይሠራል፤ ብትመዘገብና ባትመረጥ «አባቴ ልክ ነበር» ብለህ እንዳትዘጋው ከወዲሁ አደራ እልሃለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ሥር ያለው ነው። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ሲከፈት የገቡት ወጣቶች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የፋሺስት ወረራ ደረሰባቸው፤ ከፊሎቹም በ1928 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ሄደው ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ድርጅት ውስጥ ተሰለፉ። ከነጻነት በኋላ ሆለታ በአብዛኛው ከሠራዊቱ ውስጥ የተመለመሉትን በአጭር ጊዜ አሠልጥኖ የሚያስመርቅ ሲሆን፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የሐረር የጦር አካዳሚ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት የጨረሱ ተማሪዎችን ተቀብሎ በሕንዳውያን መኮንኖች መሪነት ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር። እንግዲህ ወደ መኮንንነት የሚያስገቡት በሮች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ከሠራዊቱ መካከል፣ ሌላው ከትምህርት ቤት። በሁለቱ በሮች የገቡት ሰዎች በየልባቸው የያዙት ቅሬታ ነበር። አንዱ «እኔ ወታደሩን አውቀዋለሁ» ይላል፤ ሌላው «እኔ ትምህርቱ አለኝ» ይላል። አባትህ ሁለት ጊዜ አንኳኩተው ያልተከፈተላቸው የመጀመሪያው በር ነው። አንተ በዲግሪህ ልታንኳኳ ያሰብኸው ሁለተኛውን ነው። ልጃቸው እርሳቸው ሰላምታ ይሰጡት የነበረውን ማዕረግ በአንድ ምዝገባ ሊጠጋው እንደሚችል ሲሰሙ ኩራትና ሕመም በአንድ ጊዜ መጥቶባቸው ከሆነ አልፈርድባቸውም። አንተም ፈጥነህ እንዳትፈርድባቸው እለምንሃለሁ።

ስለ ሥልጠናው ጠይቀሃል ባይባልም ይህን ሳላነሳ ባልፍ ምክሬ ጎዶሎ ይሆናል። ርዝመቱ እንደየአገሩ ይለያያል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1802 የተቋቋመው ዌስት ፖይንት አራት ዓመት ይፈጃል፤ በእንግሊዝ ያለው ሳንድኸርስት ለመደበኛ ዕጩዎች 44 ሳምንት ነው። በሁሉም ዘንድ አጀማመሩ ይመሳሰላል፤ እንቅልፍ ማነስ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ጫማ መወልወል፣ በሰዓት መገኘት። ይህን ሲያዩት ከንቱ ልፋት ይመስላል፤ ነገር ግን ደክሞህና ተበሳጭተህ ሳለ ትንሿን ነገር አስተካክለህ መሥራት ትችል እንደሆነ የሚታየው በዚህ ነው። ከዚያ ካርታ ማንበብ፣ የውጊያ ስልት፣ የጦርነት ሕግ ይከተላሉ። ዕጩዎቹ አዛዥነቱን በተራ እየተቀባበሉ ይለማመዱታል፤ ዛሬ ያዘዝኸው ሰው ነገ ያዝዝሃልና በጓደኛህ ላይ የምትጮህበት ጩኸት ተመልሶ እንደሚመጣብህ ቶሎ ትማራለህ። የሳንድኸርስት መሪ ቃል «ለመምራት አገልግል» የሚል ነው።

ነገር ግን እንድታስተውልልኝ የምፈልገው ይህን ነው። በዚያ ታላቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ዕጩ መኮንኖቹን ከማለዳ እስከ ማታ ይዘው የሚያሠለጥኑት በአብዛኛው ባለ ሌላ ማዕረጎች፣ ማለትም ከመኮንንነት በታች ያሉ ማዕረግተኞች ናቸው፤ እንደ አባትህ ያሉ፣ ከወታደርነት ተነሥተው ረጅም ዘመን ያገለገሉ ሰዎች። መኮንን የሚወጣው ከሃምሳ አለቃ እጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከተመረቀ በኋላም ይኸው ይቀጥላል። አዲስ ምክትል መቶ አለቃ ወደ ክፍሉ ሲደርስ በብዙ ሠራዊቶች 30 ያህል ወታደሮች ያሉበት፣ «መቶ» የሚባል ክፍል ይሰጠዋል፤ ከጎኑም በዕድሜ ብዙ የሚበልጠው፣ ወታደሩን አንድ በአንድ የሚያውቅ ነባር ማዕረግተኛ ይቆማል። ማዕረጉ የወጣቱ ነው፤ ልምዱ የአንጋፋው ነው። ያን አንጋፋ ሳያዋርድ የሚያዳምጥ፣ አዳምጦም ውሳኔውን ራሱ የሚወስድና ኃላፊነቱን የሚሸከም ወጣት ይከበራል። «እኔ መኮንን ነኝ» እያለ የሚጀምር ግን ሰላምታ ይሰጡታል እንጂ ከልብ አይከተሉትም። ጥሩ መስመራዊ መኮንን፣ ማለትም ወታደሩን ከቅርብ ሆኖ የሚመራ ዝቅተኛ መኮንን፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ የወታደሮቹን እግር አስፈትቶ ያያል፤ ቁስል ካለ እርሱ ቀድሞ ማወቅ አለበትና። ወታደሩ ሳይበላ አይበላም። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ሰውን ማየት ነው፤ ዝምተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ያያል።

ወደ እናትህ ልምጣ። እኔም ታላቅ ወንድሜን ለውትድርና የሸኘሁ ሰው ነኝ፤ እናታችን ሬዲዮ ሲከፈት ሥራዋን ሁሉ አስቀምጣ ደጃፍ ላይ ትቆም እንደነበር ዛሬም ይታየኛል። ስለዚህ «እናቶች ይለምዱታል» ብዬ ልዋሽህ አልችልም። መስመራዊ መኮንን በጦርነት ጊዜ ከፊት የሚቆም ሰው ነው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ በመቶኛ ሲሰላ ከተራው ወታደር ይልቅ የሞተው መኮንኑ ነበር። እናትህም ይህን ቁጥር ባያውቁ እውነቱን ያውቁታል። «ምንም አልሆንም» አትበላቸው፤ ይህን ቃል ልትጠብቀው አትችልም፤ እርሳቸውም እንደማትችል ያውቃሉ። ይልቅ አጠገባቸው ተቀምጠህ በተለይ ምን እንደሚፈሩ ጠይቃቸው። ሞትህን ብቻ ነው? ወይስ ተለውጠህ፣ የማያውቁት ልጅ ሆነህ እንዳትመለስ? ወይስ አባትህ ከሠራዊቱ ሲመለሱ በዚያ ቤት ውስጥ ያለፈውን፣ አንተ ያልደረስህበትን ዘመን ነው የሚያስታውሱት? እናትህ የዚያ ታሪክ ግማሽ ናቸው፤ እስካሁን ምናልባት ማንም አልጠየቃቸውም። ሰምተሃቸው ስታበቃ ብትሄድ እንኳ ረግጠሃቸው ሳይሆን ሰምተሃቸው ነው የምትሄደው።

አንተንም ልጠይቅህ፤ መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብህም። አባትህ መኮንን ሆነው ጡረታ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ማዕረግ ትመኘው ነበር? መልስህ «አዎን» ከሆነ ፍላጎቱ የአንተ ነው። ካመነታህ ግን የአባትህን ያልተጻፈ ምስክር ወረቀት ልትቀበልላቸው እየሄድህ እንዳይሆን ቆም ብለህ አስብ፤ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን የ30 ሰው ሕይወት በአደራ የሚይዝ ሰው በዚህ ብቻ ሊቆም አይችልም። ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ማታ አብሮህ የበላውን ልጅ ላይመለስ ወደሚችልበት ቦታ «ሂድ» ልትለው ትችላለህ? ሕግ የሚጥስ ትእዛዝ ከላይ ቢመጣብህ፣ ያልታጠቀ ሰው እንዲጎዳ ብትታዘዝ፣ «አይሆንም» ልትል ትችላለህ? የጦርነት ሕግ አዛዥን በራሱ እጅ ላደረገው ብቻ ሳይሆን በሥሩ ያሉት ሲያደርጉ እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ላልከለከለውም ይጠይቀዋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች ቶሎ መልስ የሚያገኝ ሰው ያስፈራኛል፤ አንተ ጊዜ ውሰድ።

ጊዜውም አለህ። ቋሚ ቅጥሩን በዚህ ምክንያት አትግፋው፤ ከሰጡህ ተቀበል። ሌላ መግቢያ ስላጣ ለውትድርና የሚመዘገብ ሰውና ሥራውን በእጁ ይዞ መርጦ የሚመዘገብ ሰው በመራጮቹ ፊት ሲቆሙ አንድ አይደሉም፤ አንተም ልዩነቱ በልብህ ይሰማሃል። ማስታወቂያው ሲወጣ ራስህ ሙሉውን አንብበው እንጂ በወሬ አትመራ፤ የትምህርትና የጤና መስፈርቱን፣ ከሥልጠናው በኋላ ለስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንደምትገባ ከመመዝገቢያው ጠይቅ፤ የምትፈርምበትን ወረቀት ሳታነብ አትፈርም፤ ቅጂውንም ያዝ። «አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ተወው፤ አደራ የሚጠብቅ ሰው በዚያ በር አይገባም።

እስከዚያው ድረስ ራስህን ፈትን። ጃንሜዳ ከቤትህ ሩቅ አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን በማለዳ ሩጥ። ከሰፈር ልጆች የምታምነውን አንዱን ይዘህ ሂድና ከሜዳው ማዶ አቁመህ ትእዛዝ ስጠው፤ ሰምቶ ካልፈጸመ እንደገና። መጀመሪያ ላይ ታፍራለህ፤ ሰው ቆሞ ያይሃል፤ ይህ ራሱ ልምምዱ ነው። ደግሞ በክረምቱ የበጎ ፈቃድ ሥራ የአረጋውያን ቤት ሲታደስ ሄደህ አሥር ወጣቶች የሚይዝ አንድ ቡድን ለመምራት ጠይቅ። ማታ ቤትህ ስትገባ «ታዘዙልኝ ወይ?» ብለህ ራስህን አትጠይቅ፤ ማን ደክሞት ነበር፣ ማን ምሳ ሳይበላ ዋለ፣ ማን ተቀይሞ ሄደ፣ እኔስ ይህን መቼ አየሁት ብለህ ጠይቅ። ለሁለትና ለሦስት ወር ይህን ካደረግህ በኋላ ሸክሙ እያስደሰተህ ከመጣ ተመዝገብ፤ እኔ በበኩሌ ብትሞክረው ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። እያደከመህና ሰው እያስጠላህ ከመጣም ተረዳኸው ማለት ነው፤ ሒሳብህን በታማኝነት የምትይዝበት ጠረጴዛ የሚያሳፍር ቦታ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት እንድታገኝልኝ እፈልጋለሁ። እኅትህና እናትህ በሌሉበት ሰዓት ለአባትህ ቡና ወይም ሻይ አቅርብላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥ። ስለ ድምፅህ አታንሳ፤ ስለ ምዝገባውም አታንሳ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው፤ «አባዬ፣ ካዘዙህ መኮንኖች ሁሉ እንደገና አብሬው እዘምት ነበር የምትለው የትኛውን ነው? ምን ያደርግ ነበር?» በላቸው። ከዚያ ዝም በል። ቶሎ ላይመልሱልህ ይችላሉ፤ ዝምታው ቢረዝምም አትሙላው። በምላሻቸው ውስጥ ካንተ የሚጠብቁትን፣ ለራሳቸው የተመኙትንና እስካሁን ያልነገሩህን አብረህ ትሰማለህ ብዬ አምናለሁ። የነገሩህን ከፈለግህ ጻፍልኝ፤ ካልፈለግህም ለአንተና ለእርሳቸው ይቅር።